ውሃ ያልደረሰበት ኮረብታ

ረቡዕ

ኮምፒውተሩ ዛሬም አላወረዳቸውም። የሻምበሉ ወታደሮች ኮረብታው ላይ እንዳሉ አለቁ።

የጦርነት ጨዋታ ነው። ካርታውን፣ ጦሩን፣ ስንቁን፣ የነጥቡን አሰጣጥ ራስህ ትሠራለህ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ያዋጋል። እኔ የሠራሁት ወንድሜ ይመር የሞተበትን ኮረብታ ነው። ከግንባር የመጣልን የኮረብታው ስምና «በጀግንነት ተሰዋ» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ብቻ ነበር። እንዴት እንደሆነ የነገረን የለም። ስለዚህ ከሹግል፣ ከሥራ ስመለስ፣ እዚህ አረብ አገር ሙሀይስና የሚባል ሰፈር ያለችው ክፍላችን ውስጥ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እፈልገዋለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ፊልም የማይ ይመስላቸዋል።

መንገዱ ሲቆረጥ ውሃ አይደርስም። ውሃ ያጣ ሻምበል በየተራው ይደክማል። ከዚያ ካርታው ላይ ሻምበሉን የምታሳየው ሰማያዊ ምልክት ትጠፋለች። ድምፅ እንኳን የላትም።

ሀያት ደወለች። የይመር ልጅ። አባቷ ሲሞት ጡት አልጣለችም ነበር። መንግሥት ወደ አረብ አገር መሄድን ከከለከለ ወዲህ ኤጀንሲው ተዘግቶባታል።

«አጎቴ፣ በሱዳን የሚያሻግር ሰው አግኝቻለሁ።»

«ቆይ እስቲ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? እዚህ ተቀምጬ አትምጪ ማለት ከበደኝ።

ሐሙስ

አል ቁዝ፣ የምሠራበት መጋዘን። ቀኑን ሙሉ የታሸገ ውሃ ስንጭን ዋልን። ከመደርደሪያዎቹ መሀል ይመርን አየሁት። ዋላሂ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ጠጋ ስል ፓኪስታናዊው ሹፌር ነው። ካርቶን አንስቼ አለፍኩት።

ክፍሌ ስገባ የነጥቡን ሕግ ከፈትኩ። ኮረብታውን ለያዘ መቶ ነጥብ። ሻምበል ላለቀበት አሥር ይቀነሳል። ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን ያወርዳቸዋል? ሂሳቡን ያውቃል። መቶውን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ሰው የሞተለት ኮረብታ ውድ መሆን አለበት ብዬ ይሆናል።

ዓርብ

የእረፍት ቀን። በሜትሮ ባቡር ዴራ ገበያ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፣ ሁልጊዜ ዕቃቸውን እኔ ነኝ የማስርላቸው። በጦርነቱ ጊዜ በዚያው ግንባር የውሃ ቦቴ ይነዱ ነበር። ላፕቶፑን ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ካርታውን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«መንገዱ እዚህ ጋ አይደለም» አሉ። «ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው።»

የኮረብታውን ስም ካርታው ላይ አልጻፍኩትም። አወቁት።

«ውሃ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«ውሃማ ነበረ። ቦቴዬ ሙሉ ነበር። መንገዱን በመድፍ ዘጉብን እንጂ። ልጆቹ እንውረድ ብለው በሬዲዮ ጠየቁ። ኮረብታው አይለቀቅም ተባሉ።» ጣታቸውን ወንዙ ላይ አሳረፉ። «መጨረሻ ላይ ጥይት መጠየቅ ተዉ። ውሃ ብቻ ነበር የሚሉት። በኋላ እሱም ቀረ።»

«ይመር የሚባል ያውቁ ነበር?»

«ስም አላውቅም ልጄ። እኔ የማውቀው ድምፃቸውን ነው።»

ዕቃውን ሳላስር ወጣሁ። አልተቆጡኝም።

ቅዳሜ

መንገዱን በወንዙ ዳር አዞርኩት። ነጥቡንም ገለበጥኩት፤ ኮረብታው አሥር፣ በሕይወት የወረደ ሻምበል መቶ። ስንቁን አልነካሁም። መድፉንም አልነካሁም።

ኮምፒውተሩ መንገዱ ሳይዘጋ አወረዳቸው። ሰማያዊዋ ምልክት ወንዙን ይዛ ቀስ እያለች ወጣች። ቀላል ነበር። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው የገደለኝ።

ከላይኛው አልጋ ያለው ህንዳዊ አጎንብሶ «ሙሽኪላ?» አለኝ፤ ችግር አለ ወይ ማለቱ ነው። ለካ እያለቀስኩ ነው።

አትሂጂ ልላት ወዲያው ሀያት ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። እናቷ ከድጃ ጋ ደወልኩ።

«ወጥታለች እኮ» አለች። «መተማ ደርሳለች። አንተ የፈቀድክ መስሎኝ።»

ቆይ እስቲ ማለቴ ነው መፍቀዴ።

እሁድ

ሥራ ላይ ሆኜ ሀያት ጋ ደጋግሜ ሞከርኩ። ፎርማኑ ያላ ያላ እያለ ያጣድፈናል። ከምሳ በኋላ አነሳች።

«አጎቴ፣ መኪናው ዛሬ ይነሳል፤ ቶሎ በል።»

ነገርኳት። ለእናቷም ለማንም ያልነገርኩትን። አባቷ በጥይት ሳይሆን በውሃ ጥም እንደሞተ፣ ውሃው ሩቅ እንዳልነበረ፣ ውረዱ የሚላቸው ሰው እንደጠፋ።

ከኋላዋ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ።

«የከፈልኩትስ?»

«ይቅር።»

«ሰፈር ተመልሼ ምን እላለሁ? አፍራለሁ።»

«እፈሪ። ሀያት፣ እፈሪና ተመለሺ።»

ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ዝግ።

መጋዘኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ አስጠላኝ። ቀኑን ሙሉ አልጠጣሁም። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ሰኞ

ከድጃ ደወለች። ሀያት ጎንደር ናት፤ የደሴ አውቶቡስ እየጠበቀች። አልሐምዱሊላህ። ከሷ ጋር የነበሩት ልጆች ግን መኪናው ላይ ወጥተዋል። እስካሁን ወሬያቸው የለም።

«ምን ብለሃት ነው የተመለሰችው?» አለችኝ ከድጃ። «አልነግርሽም አለችኝ፤ ታለቅሳለች ብቻ።»

ባሏ በጀግንነት መሞቱን ስታምን ነው የኖረችው። ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት።

ሀያት ቤት ስትገባ እናቷ ያንኑ ትጠይቃታለች። ልጅቷ ምን እንደምትመልስ አላውቅም።