በኮትህ እጅጌ የተለካ ዛቢያ

ይድረስ ለልጄ ለይታገስ፣ ሞጣ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ከቢቸና እስከ ሞጣ እንደ አባትህ የሚጽፍ የለም፤ ቢኖርም ከማታ ትምህርታችን አስር ሰው ቢሆን ነው።

ከጎተራው ሥር የዛገ ምሳር አገኘሁ። ዝገቱን በድንጋይ ስፈገፍገው፣ በልጅነትህ ቋጥኝ መትተህ የሸረፍከው ስለት ታየኝና የአያትህ መሆኑን አወቅሁ። የወይራ ዛቢያ አበጀሁለት። ዛቢያ በባለቤቱ ክንድ ነው የሚለካ፤ እኔ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ትተኸው በሄድከው ኮት እጅጌ ለካሁት። ለእኔ ረዘመብኝ። ጎረቤታችን ስንቄ አይታ፣ «አያ ጓዴ፣ ይኸ የይታገስ ልክ ነው። ልጁ መቼ ነው የሚመጣ?» አለችኝ። «ሥራ በዝቶበት ነው» አልኋት።

በል፣ ባለህበት ሰላም ያክርምህ። አባትህ ጓዴ።

ስንቄስ «ልጁ መቼ ነው የሚመጣ?» ብላ አልጠየቀችኝም። እሱን የጨመርሁት እኔ ነኝ።