በአፍ የቀረው ልክ

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ ተናኘወርቅ፤

ጎረቤቴ ወርቄ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች።

እርስዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ የክረምቱን ብርድ እንዴት ቻለው? ዓይንዎስ ጠብታውን ከጀመሩ ወዲህ ተሻለው? እኛ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለነው ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወርቄ ሆስፒታል የገባችው በእኔ ጥፋት ነው። የወፍ በሽታ ይዟት ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ባሏ ፈቃደ መጥቶ የአባባን የብራና የመድኃኒት መጽሐፍ አሳየኝ አለ። አሳየሁት፤ ግዕዙንም እኔው ተረጎምኩለት። ሥሩን ቀጥቅጠህ በማር አጠጣ ይላል፤ ምን ያህል እንደሆነ አይልም። ፈቃደ አንድ ጭብጥ ሙሉ ቀጥቅጦ አጠጣት። ሁለት ቀን ሲያስመልሳት ቆይቶ ራሷን ሳተች። ትናንት ልጠይቃት ብገባ፣ «ጋሼ፣ የአባትዎ መድኃኒት ደግ ነው፤ በሽታውንም በሽተኛውንም አንድ ላይ ይነቅላል» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ጋዜጣ ቤት ሠላሳ ዓመት አራሚ ሆኜ ስለኖርኩ የተጻፈ ነገር ሁሉ ሙሉ ይመስለኛል። አባባ ግን ልኩን ረስተው አልተዉትም። እሳቸው ከአያታችን፣ አያታችንም ከአንድ መነኩሴ ሲቀበሉ ቅጠሉና ሥሩ በብራና፣ ልኩ በአፍ ነበር፤ ያውም ለአንድ ልጅ ብቻ። ያ ልጅ እርስዎ ነዎት። ልጅ ሆኜ ንፉግነት ይመስለኝ ነበር። ሰሞኑን ግን የመጀመሪያው አዋቂ ልኩን ያገኘው እንደ ፈቃደ አብዝቶ ሰው ከጎዳ በኋላ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በዩኒቨርሲቲ የባህል መድኃኒት የምታጠና ዶክተር አያንቱ የምትባል ልጅ የወርቄን ነገር ሰምታ መጽሐፉን አየችው። ልኩ ካልታወቀ ሥሩ መርዝ ነው፤ ከታወቀ ግን በወጉ ሊፈተን ይችላል ትላለች። እርስዎ «ለሁለት ሰው የተነገረ መድኃኒት ኃይሉ ይሻራል» እንደሚሉ ነግሬያታለሁ። ነገር ግን ሰማንያ ሊሞላዎት ነው፤ ልጅዎ ትዕግሥትም አልማርም ብላለች። ለአያንቱ ቢነግሯት ደግሞ ሌላ ፈቃደ እጅ እንዳይገባ ማን ይጠብቀዋል? እኔ ይንገሯት ባይ ነኝ፤ የእኔ ምክር ወርቄን ምን እንዳደረጋት ግን ጽፌልዎታለሁ።

ለባለቤትዎ ለአቶ ሰላሁን ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ትዕግሥትን አልተቀየምኳትም፤ ትንሹን ዮፍታሔንም ይሳሙልኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ እንዳለች እጅ ነስታለች።

አያንቱ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው ሰኞ እርስዎ ዘንድ ደብረ ታቦር ትደርሳለች። እሺም ቢሉ እምቢ፣ ከእርስዎ አፍ ትስማው።

ወንድምዎ አስፋው
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.