ዝም ብሎ የተኛው የልጅ ልጃችን

የኔ ዘነቡ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ ግን ሐዘን አይደለም የምጽፍልሽ፤ ደስታ ነው። አያት ሆነሻል! ትንሿ ልጃችን ሰብለ ወንድ ወለደች። አራት ኪሎ ተኩል! ሚዛኑን ራሴ ቆሜ አይቻለሁ።

ቤታችን ደህና ነው። ቆርቆሮውን ስለቀየርኩ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ፍለጋ መሯሯጥ ቀርቷል። ማንጎዋም ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ፤ ልጆችሽ ግን እኔ ጋ ሲመጡ በልተው ነው የሚመጡት።

ሰብለ በእርግዝናዋ ስኳር ተገኘባት። ያንቺ ሕመም ትዝ ብሎኝ ክው አልኩ። ቤት እንዳትወልድ አስጠንቅቀዋት ስለነበር ምጡ ሲጀምራት ከባምባሲ አሶሳ ሆስፒታል ይዘናት በረርን። ጠዋት ገብታ ከቀትር በፊት ተገላገለች።

ልጁን ባየሽው! ጉንጩ ሁለት ሎሚ ያጎረሱት ይመስላል። ትንሽ አለቀሰና ለጥ ብሎ ተኛ። እኔና እህቴ ጨዋነቱን እያወደስን ሳለ፣ ሲስተር ሀዋ የምትባል የበርታ ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ቀስቅሳ ልታስጠባው መጣች። እኔ ሞኙ ተቆጣኋት። እንግዳ ነው፣ መንገድ ደክሞት ነው የመጣው፣ ይረፍ አልኳት። እህቴም ቢጫው ወተት ሆዱን ያውከዋል፣ ታልቦ ይደፋ ብላ ጨመረችበት። ሲስተር ሀዋ ሳቅ አለችና፣ አባባ፣ እንግዳ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይተኛል ብላ ልጁን ቀሰቀሰችው።

ተረከዙን ጠቅ አድርጋ፣ አንቺ በምታውቂው ዓይነት መለኪያ ደሙን ለካችው። ፊቷ ተለዋወጠ። ስኳሩ በጣም ወርዷል። ጡቱንም አልይዝ ስላለ ዶክተር ተጠርቶ በእጁ በኩል ግሉኮስ ተሰጠው። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ብታዪ፣ ስፋቱ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥ! በዚያች ክንዱን ጠቅልለው ሲለኩትና ግፊቱ ደህና ነው ሲሉ እኔ በሩ ላይ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።

ነገሩን በኋላ አስረዱኝ። የእናት ስኳር ሲበዛ ሆዷ ውስጥ ላለው ልጅም ይደርሰዋል። ያንን ለመቋቋም የልጁ ቆሽት ኢንሱሊን በብዛት ያመርታል፤ ልጁም ይገዝፋል። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናቱ የሚመጣው ስኳር ይቆማል፤ ኢንሱሊኑ ግን ወዲያው አይቀንስምና ያለችውን ስኳር ሙልጭ ያደርጋታል። ጨዋ ነው ያልነው ልጅ ለካስ እየደከመ ነበር።

ይህን ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ልጃችን ታወሰኝ። ከሰብለ በኋላ ሰፈራው ጎጆ ውስጥ የወለድሽው፣ ያ ትልቁ፣ ያ ዝምተኛው፣ በሁለተኛው ቀን ያለፈብን። ዕድሜሽን ሙሉ እንቅልፍ ጥሎኝ ልጄን ገደልኩት ስትዪ ኖርሽ። ልትቀሰቅሺው ስትነሺ ተይው፣ ይተኛ ያልኩሽ ግን እኔ ነበርኩ። ራስሽን ስትወቅሺ እየሰማሁ ይህን አንድ ቀን እንኳ ደፍሬ አላነሳሁትም። ፈሪ ነበርኩ ዘነቡ፤ ይቅር በዪኝ።

ያኛውም ልጅ ስኳሩ ወርዶ ይሆን የሞተው ብዬ ሲስተር ሀዋን ጠየቅኋት። ሳይለካ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፣ ግን በጣም ይመስላል አለችኝ። ያኔ ስኳር እንዳለብሽ እኛም አንቺም አናውቅም ነበር። እንቅልፍሽ አይደለም! ጎረቤት ያወራው የሰው ዐይንም አይደለም! በሕይወት እያለሽ ይህን ብነግርሽ ምን ነበረበት እያልኩ ተንገበገብኩ፤ ግን ደስም አለኝ፣ ያንን ሸክም ስላወረድኩልሽ ደስ አለኝ።

የልጅ ልጃችን ድኗል! በሦስተኛው ቀን ግሉኮሱ ተነቀለለት። አሁን ሲርበው ጩኸቱ ሰፈሩን ይቀውጠዋል፤ ባለቀሰ ቁጥር እኔ እስቃለሁ፣ ሰብለ ደግሞ ትቆጣኛለች። እህቴም የመጀመሪያው ወተት እንዳይደፋ ለእርጉዞች ሁሉ ሰባኪ ሆናለች።

ያኛው ልጃችን ክርስትና ሳይነሳ ስለሄደ ስም እንኳ አልነበረው፤ ጠርተነውም አናውቅም። ባለፈው እሑድ ልጆቹን ሰብስቤ ወንድም እንደነበራቸው ነገርኳቸው። ከእንግዲህ አንቺን ባነሳሁ ቁጥር እሱንም አነሳዋለሁ፤ ቃሌ ነው።

ትናንት እንኳን ማርያም ማረቻት ሊሉ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ከዘነቡ ስንት ወለድክ ብለው ጠየቁኝ። ድሮ ሦስት ነበር የምለው።

አራት አልኳቸው።

ባልሽ ይመር