በሩ ላይ የሰቀልኩት ነጠላ

ውድ ሞላዬ፣

ከተለየኸን ዐሥር ወር ሆነ። ለሙት ዓመትህ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ እኔ ግን እስከዚያ መጠበቅ አቃተኝና ይኸው ብዕር አነሳሁ። በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፣ ለማንም አላስጻፍኩም። መሠረተ ትምህርት ግቢ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የገዛህልኝ ደብተር ትዝ ይልሃል? አንተ እያለህ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላሁበትም ነበር፤ ዛሬ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ፊደሌ ይንጋደዳል፣ መስመርም ይስታል። ብታየው እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ያንተን ሐዘን የለበስኩበትን ነጠላ ከትናንት በስቲያ በሰው ሁሉ ፊት አውልቄ የጥጥ መዳመጫው በር ላይ ሰቀልኩት። ራሴን ገልጬ ቆምኩ። እህትህ ዘነቡ ይህን ሰምታ እቤት ድረስ መጣችና፣ ሳትቀመጥ፣ ወንድሜን ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ ጣልሽው ብላኝ ሄደች። ጥዬህ ይሆን? አልጣልኩህም እላለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ ሌላ ሲል የራሴን ልብ ማመን ቸግሮኛል። የሆነውን ሁሉ ልንገርህና አንተው ፍረደኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ስንዱ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አንዱ በቅሏል፣ ሌላው ገና ነው፤ ስታወራ ታፏጫለች፣ እኔም ስስቅባት ታኮርፋለች። ኩርፊያዋ ቁርጥ ያንተ ነው። ማሽላው ዘንድሮ ደህና ነው፣ ዝናቡ አልከዳንም። የጓሮውን አጥር ንፋስ ጥሎት ነበር፤ የፈረቃ አለቃህ ሙሄ መጥቶ አቆመልን። ላሚቱን ዋጃ ገበያ ወስጄ ሸጥኳት። አትቆጣ፤ ሥራ ስገባ የሚጠብቃት ሰው አጣሁ።

አዎ፣ ሥራ ገብቻለሁ። ባንተ ምትክ ብለው መዳመጫው ቀጠሩኝ። ለቀማ ክፍል ነኝ፤ ጥጡ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ቅጠሉንና ጭራሮውን ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር። ስትስል የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ብናኙ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ አየሩ ራሱ ጥጥ ነው። ሴቶቹ እርጥብ ጨርቅ በአፍና በአፍንጫቸው ላይ ያስራሉ። ማን አስለመዳችሁ ብዬ ብጠይቅ ተያዩ። ኋላ አንዷ፣ ባልሽ ነዋ አለችኝ። እኔም አስሬ እውላለሁ።

ከኋላህ እናታችን እያሉ ይጠሩህ እንደነበር ታውቅ ነበር? እኔ እዚያ ገብቼ ነው የሰማሁት። ሽርጡን እያንዘላዘለ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በር ላይ እያስቆምክ ሰብስበው፣ ታጠቅ ትል ነበር አሉ። አንዱን ሱሪ ለብሰህ ና ብለህ ከበር መልሰኸው ሮቢት ድረስ በእግሩ ሄዶ ሱሪ ተውሶ መጣ፤ ሦስት ቀንም አላነጋገረህም። ዛሬ ይህን ሲያወራ ይስቅና መሃል ላይ ያቋርጠዋል።

በሩ ላይ የተቸነከረችው ጣውላ አሁንም አለች፤ በቀይ ቀለም የጻፍክባት። ፊደል ከለየሁ በኋላ አስተማሪ ሳያግዘኝ ለብቻዬ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሷ ላይ ያለው ነው። ከማሽን አጠገብ የተንጠለጠለ ልብስ ክልክል ነው ይላል። አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጨረስኩትና እዚያው ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። ያን ዕለት ጠዋት ማንበብ ብችል ኖሮ፣ እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ግን ቃሉን ካንተ አፍ ስንቴ ሰምቼው የለም? አውቀው ነበር እኮ።

ያን ጠዋት ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። የእናትህ ሠልስት በወጣ ማግስት ገና ከሮቢት መመለሳችን ነው። ሙሄ ሰው ላከብህ፤ የምርት ኮታው ቀን ሊደርስ ነው፣ ያንን ማሽን ካንተ ሌላ የሚገራው የለም ብሎ። አንተም ተነሳህ። ኩታህን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቄ ያለበስኩህ እኔ ነኝ። ጫፎቹን አንገትህ ላይ አዙሬ የቋጠርኳቸውም እኔ ነኝ። መዳመጫው ስደርስ አወልቀዋለሁ አልከኝ። እኔ ተቆጣሁ። እናቱን ቀብሮ በአራተኛ ቀኑ ሐዘኑን አራግፎ ታየ ሊሉህ ነው፣ ሚስቱ አስጣለችው ሊሉኝ ነው አልኩህ። ዘነቡን ፈርቼ ነው። የቆቦን ሰው አፍ ፈርቼ ነው። በእናትህ አጥንት ማልልኝ፣ በሰው ፊት አታወልቀውም አልኩህ። አየኸኝ። ከዚያ በእናቴ አጥንት ብለህ ወጣህ።

ከምሳ በፊት መጥተው ጠሩኝ። ከሞተሩ ወደ ማሽኑ የሚዞረው ሰፊ ችንጋ የኩታህን ጫፍ ይዞታል አሉኝ። የቀረውን አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ግራ እንደገባኝ አለሁ። ቀብርህ ላይ ከመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ጓድ ተነስቶ የምርት ጀግና ብሎ ተናገረልህ፤ ሰው አለቀሰ፣ እኔም ትንሽ ቀና አልኩ። ወሩ ሳይሞላ ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት መጣ፤ ሟቹ የደህንነት ደንብ በመጣስ በራሱ ጥፋት ይላል። ያኔ የጎረቤት ልጅ ነው ያነበበልኝ፤ ተሳስቶ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ጀግና ነህ ወይስ ጥፋተኛ? ቀባሪውም ጸሐፊውም አንድ መሥሪያ ቤት ነው እኮ! ለሰው ሁሉ ደንብ ያስተማርከውን አንተን ደንብ ጣሰ ሲሉህ፣ አልጣሰም ብዬ ልጮህ አሰብኩና መሐላው ትዝ አለኝና ተውኩት።

ሙሄ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። ችንጋው ላይ የሚገጠም የብረት ሽፋን ነበረው፤ ጥጥ ሲወተፍ ለማጽዳት ያስቸግራል፣ ሥራ ያጓትታል ብለው ካነሱት ቆይቷል። ይመለስ እያልክ ስትወተውታቸው ኮታው ይድረስና እንገጥመዋለን ይሉህ ነበር። ሽፋኑ ቢኖር ኩታህ ምን ያገኘው ነበር? እንግዲህ ማንን ልውቀስ? ጠዋት ስነሳ ሽፋኑን ያነሱትን እረግማለሁ፤ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ደግሞ ራሴን እረግማለሁ። አንዳንዴ ባንተም እናደዳለሁ። ለምን ማልክልኝ? ዞር ስል ብታወልቀው ኖሮ ማን ያይህ ነበር?

ሙሄ ራሱም ተሰቃይቷል። አጥሩን ያቆመልን ቀን አካፋውን ጥሎ አለቀሰ። ያን ዕለት ኩታህን ሲያይ አውልቀው ሊልህ አጠገብህ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አፉን ከፈተና የወጣው ቃል ግን አላህ ሰብሩን ይስጥህ ሆነ። አንተም አሜን አልከው። የእናቱን ሐዘን አውልቅ ብሎ ሰውን መናገር እንዴት ይቻላል አለኝ። እሱ ብቻ አይደለም። ያን ቀን የገባው ሁሉ አይቶሃል፣ ሁሉም ነፍስ ይማር ብሎህ አልፏል።

አሁን የከትናንት በስቲያውን ልንገርህ። ያንተን ማሽን የያዘው ሀብቴ ነው፤ አንተ ያሠለጠንከው ጎልማሳ። የወንድሙ መርዶ ከግንባር መጣ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፤ ሐዘኑን የሚያሳይበት ያቺ ኩታ ብቻ ናት። ጠዋት አዘቅዝቆ ለብሷት ጫፎቿን ወደ ኋላ ጥሎ መጣ። ሽፋኑ ካንተ በኋላ አንድ ሰሞን ተገጥሞ ነበር፤ ጥጥ ወተፈ ብለው እንደገና አንስተውታል። ሠራተኛው እየተነሳ ነፍስ ይማር አለው። ሙሄ ወደ እሱ ሄደ፤ አፉን ከፈተ፤ ያንኑ ቃል ተናግሮ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መሰለ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሀብቴ እጁን ወደ ማሽኑ ማስነሻ ሲሰድ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም፤ ሐዘንተኛ ሆኜ ሐዘንተኛን አውልቅ ልለው ነው? አፌም አልታዘዝ አለኝ። እጄ ግን ወደ ራሴ ሄደ። ነጠላዬን ገፈፍኩና ከጣውላህ በታች ካለችው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። የኛ ክፍል ከማሽኑ ራቅ ስላለ ነጠላ አልተከለከለብንም፤ ማንም አውልቂ ያለኝ የለም። ለሐዘንህ የተላጨሁት ፀጉሬ ገና በወጉ አላደገም። ሴቶቹ ኧረ በስመ አብ አሉ። አንዷ ልትመልስልኝ ሮጠች፤ ከለከልኳት።

ሀብቴ አየኝና፣ እትዬ ይቺ የወንድሜ ናት፣ ሌላ ምንም የለኝም አለኝ። ያኔ ነው የወጣኝ። ሞላን ያስማልኩት እኔ ነኝ አልኩ። በእናቱ አጥንት አስምዬ፣ አንገቱ ላይ ቋጥሬ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ወንድምህን ውደደው፣ ግን አውልቅ አልኩት። ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሙሄ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቁጢጥ አለ። ሀብቴ ኩታውን ቀስ ብሎ አወለቀና አጥፎ ከነጠላዬ ጎን ሰቀላት። ያለቅስ ነበር።

ከዚያ ሙሄ ተነሳና ሽፋኑ ሳይገጠም ይህ ሞተር አይነሳም አለ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ጮኸበት፣ ኮታውን አነሳ፣ ሌላም ሌላም አለ። ሙሄ እዚያው ቆመ፤ ሠራተኛውም ከጎኑ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ሽፋኑ ከመጋዘን ወጥቶ ተገጠመ። ያን ያህል ቀላል ነበር፣ ሞላዬ። አራት ብሎን ነው። ሲያስሩት ቆሜ አየሁ፤ የተሰማኝ ንዴት ይሁን ደስታ አልለየሁትም።

ስወጣ ነጠላዬ ላይ ብናኙ ተኝቶበት አገኘሁት። አራገፍኩና መልሼ አዘቅዝቄ ለበስኩት። ከመንገዱ ዳር የወታደር መኪኖች ወደ ሰሜን ሲያልፉ ቆሜ አሳለፍኩና ቤቴ ገባሁ። ዘነቡ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። መሐላውንም ሰምታለች። አዋረድሽን ልበል፣ ወይስ ወንድሜን ገደልሽው ልበል አለችኝ። እሷም ግራ ገብቷታል፣ ወንድሟ ነህ።

ሰኞ የሠራተኛ ማኅበሩ ያንን የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት እንደገና ሊያይ ጠርቶኛል። ያስማልኩህን ብናገር ጥፋቱን ወደኔ ገልብጠው ሽፋኑን ሊረሱት ይችላሉ ብሎ ሙሄ ፈርቷል። ዝም ብል ደግሞ ያንተ ስም ጥፋተኛ እንደተባለ ይቀራል። ሁለቱንም እናገራለሁ፤ ኩታውንም ብሎኑንም። የሚያመዛዝኑት እነሱ ናቸው፤ እኔ ዐሥር ወር ሙሉ መዝኜ አልሆነልኝም።

ትናንት ጠዋት ስደርስ ሙሄ ከጣውላህ በታች ሚስማር ደርድሮ አገኘሁት። የአንዱ ሽርጥ፣ የአንዷ ጥቁር ሻሽ፣ የሀብቴ ኩታ ተሰቅለዋል። ዳር ላይ ያለችውን ለኔ ትተውልኛል። ሰቅዬ ገባሁ፤ ስወጣ ለበስኩ። ሙት ዓመትህ እስኪደርስ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ካለፈም በኋላ ያቺን ጽሑፍህን ቀለሟ በደበዘዘ ቁጥር በዚህ በሚንጋደድ እጄ እየደገምኩ እጽፋታለሁ። ስንዱም ታነባታለች፤ አባቷ የጻፈው መሆኑን እነግራታለሁ፣ አንተን ያስማልኩህንም ስታድግ አልደብቃትም። ቂም ይዘህብኝ ከሆነ ያዝ። አልረሳህም።

አሁን የመጣሁበትን ጉዳይ ልጨርስ። ያን ጠዋት በእናትህ አጥንት ያስማልኩህን መሐላ ዛሬ ፈትቼልሃለሁ። ማንም ምንም ቢል ግድ የለኝም። አውልቀው፣ ሞላዬ።

ሚስትህ