ቃል ሲጠፋኝ የጸለይኩት ጸሎት

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ የረገጥሽው ምድር ይለምልምልሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽም ወደ አናጢነቱ ሊመለስ ነው። እንዳትደነግጪ ብለን ደበቅንሽ እንጂ፣ የዛሬ ሁለት ወር ሆዱን ክፉኛ ታሞ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር።

ወደ ውስጥ ሲያስገቡት፣ እንደ ልማዴ "ጸልዩልን" ልላቸው ለፓስተራችን ደወልኩ፤ አላነሱም። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ልጸልይ ብል ቃል ጠፋኝ። "አባት ሆይ፣ ይኸው መጣሁ" ብዬ ዝም አልኩ። ዶክተሩ ገና ሳይወጣ፣ ምን እንደሚለኝም ሳላውቅ፣ ልቤ ጠብቶ እንደጠገበ ሕፃን ጸጥ አለ።

አባትሽ ሲነቃ "ማን ጸለየልኝ?" አለኝ።

"እኔው ራሴ።"

"ምን ብለሽ?"

"ምንም አላልኩም፤ ዝም ብዬ እሱ ፊት ተቀመጥኩ።"

"አንቺ ዝም ካልሽማ ተአምር ነው!" ብሎ ስፌቱ እስኪያመው ሳቀ።

ሆዴ፣ በደወልሽ ቁጥር "እማዬ ጸልዪልኝ" ትያለሽ። መጸለዩንስ መቼ አቋርጬ! ግን እስቲ አንቺም አንዳንዴ በርሽን ዘግተሽ ጌታ ፊት ቁጭ በይ። አባቷ ቤት የምትገባ ልጅ አስፈቃጅ አያሻትም። እሱው በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ