ከትንሿ መኪና የነቀልኩት ፊውዝ

ዓርብ፣ ግንቦት 13

በዚያች ጣሪያ አልባ መኪና ልጄ አትሄድም። አልኩ፣ አበቃ። የሙሽራው ወንድም ጌትነት ለሰርጉ ብሎ ከፖርት ሱዳን ነድቶ ግቢዬ አቁሟታል። ቀይ፣ ትንሽ፣ አዲስ። ቁልፍ ሲጫኑ ጣሪያዋ ታጥፎ ኋላዋ ይገባል። ከእኔ ላንድክሩዘር ጎን ግልገል ትመስላለች። የእኔው አርጅቷል፤ ግን ክረምት ጭቃው ትራክተር ሲይዝ ከቁረይሻ ገጠር ስንት ወላድ አውጥቷል።

ልጄ ማንጠግቦሽ፣ «ያባ፣ እሱ እኮ ናፍጣና ፍየል ይሸታል» አለች። ፍየል የጫንኩት አንድ ቀን ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14

ጌትነት አስፋልቱ ላይ አዞረኝ። እውነቱን ልጻፍ። ድምፅ የላትም። ፍሬኗ ወዲያው ይይዛል፤ የእኔው ሦስቴ ካልተረገጠ አይሰማም። ወገቤንም አላመመኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሙሽራ ግን ከአባቷ ቤት ተሸፍና ነው የምትወጣው። ሰዉ ዳስ ሲተክል የመኪናዋን የፊውዝ ሳጥን ከፈትኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ በአንድ እየነቀልኩ የጣሪያውን አገኘሁት። ኪሴ ከተትኩት። ተዘግታ ትሂድ፣ ማን ይጎዳል አልኩ።

እሁድ፣ ግንቦት 15

በሰርጉ ጠዋት ጣሪያው እምቢ ሲላቸው ጌትነትና ሚዜዎቹ በካቻቢቴ ፈልቅቀው በእጃቸው አጠፉት። ይህን አላሰብኩም። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ከተማው ጫፍ ላይ ሀቡቡ መጣ። ቀይ አቧራ፣ ወዲያው ዝናብ። እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ጌትነት ቢጫን ቢጎትት ጣሪያው አልተነሳም። ልጄ ነጭ ልብሷ ጭቃ ሆኖ እያለቀሰች ወደ እኔ መኪና ሮጠች።

ድግሱ ላይ ሁሉም አመሰገነኝ። አንዱ ጌትነትን፣ «በል ከብት አጠጣባት፣ ገንዳ ሆናልሃለች» አለው። ሳቁበት። ልጁ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። «አባታችን፣ አዋረድኋችሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ፊውዙ ኪሴ ነበር። «ይቅር ብያለሁ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 17

የልጄን ነጭ ልብስ ዘፍዝፌ ሁለት ጊዜ አጠብኩ፤ ቀዩ አለቀቀም። ማንጠግቦሽ መጥታ ስታይ ደነገጠች። እጄን ሳሙና ውስጥ አድርጌ ነገርኳት።

«ብትነግረኝ ነጠላ እከናነብልህ ነበር» አለች። ይህ አልታየኝም። ቀጠለች፤ «ኻላስ፣ በቃ፣ ለእኔ ነገርክ። ለጌትነትም ንገረው። ነገ ይሄዳል።»

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ሙሽራው ቤት ሄድኩ። ሚዜዎቹ ባሉበት ፊውዙን ጌትነት እጅ ላይ አኖርኩለት። ቆሜ ተናገርኩ። የሳቀ የለም። ጌትነት ሰካው፤ ጣሪያው ተነስቶ ተዘጋ።

«እሁድ እኮ ይቅር ብለውኝ ነበር» አለ።

መንገዱ አልደረቀም፤ ትንሿ ከበር ሳትርቅ ጭቃው ያዛት። ሳይጠይቀኝ ገመድ አሰርኩ። እስከ አስፋልቱ በላንድክሩዘሩ ጎተትኩት። ጌትነት ገመዱን ራሱ ፈትቶ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሲሄድ እጁን አነሳ። ለእኔ ይሁን፣ መስታወቱን ለማስተካከል፣ አልለየሁም።