ስለ ማቲልዴ ጥምቀትና ስለ ባለ ሁለት ቀለም ሳህኖቻችን

ለክቡር አቶ ራስል ሃውገን
የሎን ሜፕል ሉተራን ቤተክርስቲያን ጉባኤ ሰብሳቢ
አዮዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ፤ በግቢያቸው ባቆሙት የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳ ምክንያት ሰላምታ ከነፈጓቸው ሁለት ዓመት ለሞላቸው ጎረቤትዎም እንዲሁ።

እኔ ከጓቲማላ መጥቼ እዚህ ላም የማልብ፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የምስጋናዬ ቅደም ተከተል ቢዛባ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩ኛ፦ ከምርጫው ወዲህ የአንዱን ወገን አምልኮ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ የሌላውን በአራት ሰዓት ተኩል ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። «ሰላም ለአንተ ይሁን» ተባብሎ መጨባበጥ ከቶ እንዲህ ቀሎ አያውቅም፤ የምንጠላው ሰው በአዳራሹ የለምና።

፪ኛ፦ የአንድነት ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሎ በየክፍሉ ስለ አንድነት እንዲጸልይ ስለ ፈቀዱ አመሰግናለሁ። አንድ ለሁለት ሲካፈል ግማሽ መሆኑን ተምሬአለሁ፤ አንድነት ለሁለት ሲካፈል ስንት እንደሚሆን ግን እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ አልደረስንበትም።

፫ኛ፦ በጋራ ምሳችን ሳህን እንዳይጠፋ ከሥሩ የባለቤቱን ስም መለጠፍ የቆየ ልማዳችን ነበር፤ ዛሬ በስም ፈንታ የሁለቱ ፓርቲዎች ቀለም፣ ቀይና ሰማያዊ ቴፕ ተለጥፏል። ባለፈው ወር ሳላስተውል የድንች ሰላጣ ስቀዳ፣ አንዲት እመቤት «አንተ ልጅ፣ ተው! የእኛ አይደለም እኮ፤ ምን እንደጨመሩበት ማን ያውቃል?» ብለው ሕይወቴን አትርፈውልኛል።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ማቲልዴ የአምስት ወር ሕፃን ናት፤ ልቧ ላይ ቀዳዳ ስላለ ነገ ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። አስቀድማ እንድትጠመቅ ሳመለክት፣ ለክርስትና አባትነት በበረዶ ወራት ወደ ሐኪም ያመላለሱንን የጠዋቱን ወገን አቶ ዴልማር ኦስቴንን፣ ለክርስትና እናትነት በእንግሊዝኛ መጻፍ ያስተማሩኝን የረፋዱን ወገን ወይዘሮ ቬርና ሊንድቬትን መረጥኩ። በአገሬ አንድን ልጅ ለክርስትና ያነሡ ሁለት ሰዎች እስከ ሞት ዘመዳሞች ናቸው፤ ሰላም ሳይባባሉ መተላለፍ ነውር ነው። ይህን አውቄ፣ ሆን ብዬ አደረግሁት።

እርስዎም «ኤሊሴዎ፣ አንዳቸውን ምረጥ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ሰው ምን ይላል? ካልሆነ ከማክሰኞ በኋላ እናየዋለን» አሉኝ። «ከማክሰኞ በኋላ» የሚለውን ቃል ክቡርነትዎ እንዲያ በቀላሉ ስላወጡት አደንቃለሁ፤ እኔ ከሰማሁት ቀን ጀምሮ ሌሊቱን የማቲልዴን ትንፋሽ ስቆጥር አድራለሁ። ስለዚህ ማመልከቻዬን ማንሣቴን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።

በሁለቱም ሰዓት እኩል እንግዳ የሆንኩት፣
ለጉባኤዎ ጥበብ ቃል ያጠረኝ፣
ኤሊሴዎ ቾክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የአንዱ ወገን መኪኖች ወጥተው የሌላው ሳይገቡ፣ በምድር ቤቱ ወጥ ቤት ማቲልዴ ተጠምቃለች። የጸሎት መጽሐፋችን በጭንቅ ጊዜ ማንኛውም ክርስቲያን ያጥምቅ ስለሚል ያጠመቋት ወይዘሮ ቬርና፣ ውሃውን የያዙት አቶ ዴልማር ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል «ቀጥ አድርገህ ያዘው እንጂ ዴልማር፣ ልታሰጥማት ነው?» «አንቺ አጥምቂ፤ እጄ ዝሏል» የሚል ነበር። የተጠቀምንበት ጎድጓዳ የሰላጣ ሳህን ታጥቦ ወደ ቦታው ተመልሷል። የየትኛው ወገን እንደሆነ ግን አላወቅንም፤ ውሃ ሳለበት መገልበጥ አልቻልንም፣ ስናጥበው ደግሞ ቴፑ ለቀቀ። በሚቀጥለው የጋራ ምሳ ሲቀዱ እንዲጠነቀቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።